ልብሱን ቁጭ ብለሽ ለኪው

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው።

«ጋሼ፣ በነርሲንግ ዲግሪ አለኝ፤ ሁለት ዓመትም ሠርቻለሁ። አሁን ሕክምና ለመማር አመልክቼ የጽሑፍ ፈተናውን አልፌያለሁ። ለቃለ መጠይቅ አዲስ አበባ ተጠርቻለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ቀርቶኛል። የምነሳው በዚያው ቀን ጠዋት ከአዳማ ነው። ሙሉ ልብስ የለኝም። ታላቅ እህቴ ለሠርግ የገዛችው ጥቁር ኮት አላት፤ ለእኔ ትንሽ ይሰፋል። ጓደኞቼ ‹ተበድረሽም ቢሆን አዲስ ሱፍ ግዢ፤ እዚያ የሚመጣው ሁሉ ዘንጦ ነው› ይሉኛል። ሂጃብ እለብሳለሁ። ምን ቢሻለኝ ይመክሩኛል?»

የኔ ልጅ፣ እንኳን ደስ ያለሽ። ከባዱን አልፈሽዋል። አሁን የቀረው የጨርቅ ጉዳይ ነው፤ እሱ ደግሞ የኔ ሥራ ነው።

አትበደሪ። መልሴ ከዚህ ይጀምራል። በዘጠኝ ቀን ተቻኩሎ የተገዛ ሱፍ ብዙ ጊዜ ከተስተካከለ የእህት ኮት ያነሰ ነው። ለምን እንደሆነ ግን ከራሴ ጥፋት ተነስቼ ልንገርሽ።

አዳማ ላይ ልብስ መስፋት የጀመርኩት በ1985 ዓ.ም. ነው። ያኔ ናዝሬት ነበር የምንላት፤ የድሮ ደንበኞቼ ዛሬም እንደዚያው ይጠሯታል። አንድ ጊዜ አንድ ወጣት ለቃለ መጠይቅ የሚሆን ሙሉ ልብስ አዘዘኝ። ሰፋሁለት። መስታወት ፊት አቆምኩት። ከትከሻው እስከ ተረከዙ እንከን አልነበረውም። እሱም ኮራ፤ እኔም ኮራሁ። ከሳምንት በኋላ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «ጋሼ፣ ቆሜ ስሆን ቆንጆ ነው። ስቀመጥ ግን ኮቱ ተነስቶ ጆሮዬ ሥር ገባ። እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳደርግ እጅጌው ወደ ክርኔ ሸሸ። ሱሪው ሆዴን ያዘኝ። አንዱ ጠያቂ ‹አሞሃል እንዴ?› አለኝ» አለ።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ብብቱን ዝቅ አድርጌ ቆርጬዋለሁ። ብብቱ ዝቅ ያለ ኮት እጅ በተነሳ ቁጥር ሙሉ አካሉ አብሮ ይነሳል። እኔ ደግሞ ልጁን አቁሜ ብቻ ነው የለካሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ መስታወቴ ፊት አንድ የእንጨት ወንበር አለ። ለሠርግም ይሁን ለምርቃት የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ይቆማል፤ ከዚያ ይቀመጣል። አንዳንዱ ይስቃል። እኔም አብሬ እስቃለሁ። ግን ሳይቀመጥ አይሄድም።

ቃለ መጠይቅ ቁጭ ተብሎ ነው። በሩን ከፍተሽ ወንበሩ ጋ እስክትደርሺ ምናልባት አሥር ሰከንድ ቁመናሽ ይታያል። ከዚያ በኋላ ከጠረጴዛ በላይ ያለሽው አንቺ ነሽ። ፊትሽ፣ ኮሌታሽ፣ ትከሻሽ፣ እጅሽ። ከዚህ ውጭ ያለው ንጹሕ ከሆነ ይበቃል። ሰው ግን ገንዘቡን የሚያፈሰው በቦርሳና በጫማ ላይ ነው። ደንበኛዬ የሆኑ አንድ መምህር በፈታኝነት ብዙ ጊዜ ተቀምጠዋል። ልብስ ያዩ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ልብስ የማስታውሰው ሲያስቸግር ብቻ ነው» አሉኝ። ያስቸግራል ሲሉ ተፈታኙን ነው። የሚጎትት፣ የሚያስተካክል፣ የሚነካካ ሰው። አንዷን ልጅ ከመልሷ ይልቅ በየደቂቃው በምትስበው ጉርድ ያስታውሷታል። ያሳዝናል፤ ግን እንዲህ ነው።

እንግዲህ የእህትሽን ኮት ልበሺና መስታወት ፊት ቁሚ። ትከሻውን ብቻ እዪ። ሌላውን ለጊዜው እርሺው። የእጅጌው ስፌት ትከሻ አጥንትሽ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ማረፍ አለበት። 1 ሳንቲ ሜትር ቢያልፍ ማንም አያውቅብሽም። 3 ሳንቲ ሜትር ካለፈ ግን ኮቱን በክብር ለእህትሽ መልሺላት። ትከሻ ማጥበብ ማለት እጅጌውን መንቀል፣ ገበሩን መፍታት፣ ስፖንጁን ማውጣት፣ እንደገና መግጠም ነው። ጎበዝ ሰፊም ቢሆን ያንን ሥራ አይወደውም። የማይችለው ደግሞ ያበላሽብሻል።

ትከሻው ከሆነልሽ የቀረው ቀላል ነው። ወገቡ ቢሰፋ በጎንና በጀርባ ስፌት ይጠባል። እጅጌው ቢረዝም ከጫፉ ይታጠፋል። የእጅጌው ልክ እጅሽን ወደ ታች ስትለቂ አንጓሽ አጥንት ላይ ነው። ከውስጥ የሚለበሰው ሸሚዝ 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ቢል ያምራል። ለሰፊው ግን አንድ ነገር አስጠንቅቂው፤ «ትርፉ እንዳይቆረጥ» በይው። ውስጡን አጥፎ ይስፋው። ኮቱ የእህትሽ ነው። ነገ ተፈትቶ ወደ ልኳ መመለስ አለበት። ለሁለት ቀን ብላ አውሳሽ ለዘላለም እንዳታዝንብሽ።

ከዚያ ተቀመጪ። እጅሽን ጠረጴዛ ላይ አድርጊ። እስክሪብቶ እንደምታነሺ አድርጊ። ወደ ቀኝ ዞረሽ እንደምትመልሺ፣ ወደ ግራም ዞረሽ እንደምትመልሺ አድርጊ፤ ጠያቂዎቹ ሦስትም አራትም ሊሆኑ ይችላሉ። ኮቱ ከፊት ቢወጠር ስትቀመጪ ቁልፉን ፍቺው፤ ነውር አይደለም። ኮት የሚቆለፈው ለመቆም ነው። ስትነሺ መልሰሽ ትቆልፊዋለሽ።

አሁን ወደ ቁልፉ እንምጣ። ለሠርግ የተገዛ ኮት ነው ብለሻል። ሳላየው እገምታለሁ፤ ቁልፉ ወርቃማ ነው ወይም የሚያብረቀርቅ ድንጋይ አለበት። እሱን ቀይሪው። ተራ፣ ድፍን፣ ኮቱን የሚመስል ቀለም ያለው ቁልፍ ይግባበት። የግማሽ ሰዓት ሥራ አይሆንም፤ ዋጋውም ከሻይ ከዳቦ ብዙ አይርቅም። የሠርግን ኮት ከሠርግ የሚያወጣው ቁልፉ ነው። ይህን የምለው ስንቱ ሰው ቁልፍ ለመቀየር ሳያስብ ኮት ሲጥል ስላየሁ ነው።

ስለ ጥቁር ቀለም አስተያየቴን ልደብቅሽ አልችልም። እኔ ለቃለ መጠይቅ ጥቁር አልመርጥም። በእኛ አገር ጥቁር የሐዘን ነው፤ የአስተናጋጅም ነው። በዚያ ላይ የአዳማን አቧራ የሚያሳይ እንደ ጥቁር የለም። ምርጫ ቢኖርሽ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ወይም ጠቆር ያለ ግራጫ እልሽ ነበር። ምርጫ ግን የለሽም፤ ጥቁሩ ይሁን። ከውስጥ ለፊትሽ ብርሃን የሚሰጥ ቀለም ልበሺ። ክሬም፣ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ፣ ነጭም ይሆናል። ነጭ ከሆነ በመስኮት ብርሃን አይተሽ ግዢ፤ የሱቅ መብራት ይሸፍናል፤ የቀን ብርሃን ያጋልጣል።

ሂጃብሽን በተመለከተ ልታስቢ የሚገባሽ ስለ መንሸራተቱ ነው። ሐር የሚመስለውን ልሙጥ ጨርቅ ለሠርግ አቆዪው። ራስሽን በነቀነቅሽ ቁጥር ይንሸራተታል፤ እጅሽም ሳታውቂው ይከተለዋል። ጥጥነት ያለው ወይም ለስለስ ብሎ ሻከር የሚለው ጨርቅ ባለበት ይቆያል። ቀለሙ ድፍን ይሁን። ጆሮሽ ላይ ድርብ አታድርጊ፤ ጥያቄውን «ይቅርታ፣ ይድገሙልኝ» ማለት አንዴ ያምራል፤ ሦስቴ አያምርም።

ደግሞ አንድ ነገር አለ፤ ብዙ ሰፊዎች አይነግሩሽም። የሂጃቡ ጫፍ ከኮቱ ኮሌታ ሥር ሲገባ ኮሌታው ከአንገት ይርቃል። ከኋላ ጉብ ይላል። ስለዚህ ኮቱን ስትለኪ ሂጃብሽን አድርገሽ ለኪ። ጫፉን ከኮቱ ውስጥ ደረትሽ ላይ ዘርግተሽ አስተኚው፤ አትጠቅልዪው። ከተቻለ ከአንገት ሥር ሳይሆን ከጎን በኩል በትንሽ መርፌ ቁልፍ ያዢው። ኮሌታ የሌለው ኮት ቢገኝ ለሂጃብ እሱ ይመቻል፤ ለወደፊቱ ካሰፋሽ ያንን አስቢ።

ከታች ምን ልልበስ ብለሽ አልጠየቅሽም፤ ረጅም ጉርድ ነው ብዬ ልገምት። ጥሩ ነው። ችግሩ የከተማችን ንፋስ ነው። ንፋሷ ተወርቶለት ሁለት የንፋስ ኃይል ማመንጫ የተተከለላት ከተማ ናት፤ አንዱ 51፣ ሌላው 153 ሜጋ ዋት። ያን ሁሉ ማማ የሚያዞር ንፋስ ላንቺ ጉርድ አያዝንም። ቀላል ጨርቅ ከሆነ የታችኛው ጫፍ ሰፋ ተደርጎ ይቀምቀም። እጥፉ አራት ጣት ያህል ይሁን። ጨርቁ በራሱ ክብደት ይወርዳል። ርዝመቱ ደግሞ ደረጃ ስትወጪ የማትረግጪው መሆን አለበት። በጫማሽ ለኪው፤ በባዶ እግር አይደለም። አጠር ያለ ጠባብ ጉርድ ለሚለብሱ እህቶቼም አንድ ቃል ጣል ላድርግ። ቆመሽ ጉልበትሽ ላይ ያለ ጉርድ ስትቀመጪ አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ይሸሻል። ወንበሩ ላይ ለኩት።

ጫማ። አዲስ አትግዢ። ነርስ ነሽ፤ ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የምትውዪበት የለመደሽ ጫማ ይኖርሻል። ድፍን፣ ዝቅ ያለ፣ ድምፅ የማይሰጥ ከሆነ እሱን አድርጊ። ታኮ የለመድሽ ከሆነ ዝቅ ያለ ታኮ ምንም አይደል። በውጭ አገር ብዙ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን ዘዴ ይጠቀማሉ። ተፈታኙ አንድ ቦታ አይቀመጥም፤ ከክፍል ክፍል እየዞረ ለየብቻ ይጠየቃል። አንድ ቀን ውጭ አገር ብታመለክቺ ይህን አትርሺ። እንዲህ ባለ ፈተና ላይ አዲስ ጫማ ያደረገች ልጅ ሦስተኛው ክፍል ላይ የምታስበው ስለ ተረከዟ ነው። ጫማውን ደግሞ አዳማ ላይ አታስጠርጊ። መነኸሪያ እስክትደርሺ አቧራ ይለብሳል። አዲስ አበባ ወርደሽ ለሊስትሮ አምስት ደቂቃ ስጪ።

የሚያሳስበኝ መንገዱ ነው። ልብሱ ቤት ውስጥ ያምርና መንገድ ይበላዋል። ከአዳማ ቱሉ ዲምቱ ያለው ፈጣን መንገድ 85 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መኪናው ሳይቆም ይበርራል፤ አንቺ ግን ሚኒባስ ውስጥ በሁለት ሰው መሀል ተጣብቀሽ ነው። ቀበቶው ደረትሽ ላይ፣ ቦርሳሽ ጭንሽ ላይ። ኮቱን ለብሰሽ ከሄድሽ ጀርባው እንደ ክርታስ ተጨማዶ ይወርዳል። ስለዚህ ይዘሽው ሂጂ፤ አትልበሺው።

አያያዙን ላሳይሽ። ኮቱን ፊቱን ወደ አንቺ አድርገሽ ትከሻዎቹን ያዢ። አንዱን ትከሻ ወደ ውስጥ ገልብጪው፤ ገበሩ ወደ ውጭ ይወጣል። ሌላውን ትከሻ ሳትገለብጪ በተገለበጠው ውስጥ ክተቺው፤ ሁለቱ ትከሻዎች እንደ ሲኒ ተደራርበው ይቀመጣሉ። አሁን ውጩ ሁሉ ገበር ነው። አቧራም ቢነካው ገበሩን ነው። ከመሀል አንዴ ብቻ እጠፊው፤ በንጹሕ ላስቲክ ከረጢት ክተቺና ጭንሽ ላይ አድርጊው። ስትደርሺ አውጥተሽ ሁለቴ አራግፊው። ልብስ በሻንጣ ይዘው የሚዞሩ ነጋዴዎች ያስተማሩኝ ነው፤ እኔም ስንቱን አስተምሬበታለሁ።

ብርዱንም አስቢ። አዲስ አበባ ከአዳማ 700 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። በየ1,000 ሜትሩ አየሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ አራት አምስት ዲግሪ ይቀንስብሻል። ጠዋት ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ለመንገዱ ሹራብ ልበሺ። ኮቱ ለበር ነው። ከነሹራቡ ኮት ደርበሽ አትግቢ፤ ትከሻሽ ያብጣል።

ካውያ ላይ ብዙ ኮት ተቃጥሎ አይቻለሁ። የጥቁር ኮት ጠላት በቀጥታ የሚያርፍ የጋለ ካውያ ነው። ፖሊስተር ከሆነ ያብለጨልጫል፤ ያ ብልጭታ አይለቅም። ነጭ የጥጥ ጨርቅ ውኃ ነክረሽ ጨምቀሽ ኮቱ ላይ አንጥፊና በዚያ ላይ ተኩሺ። ካውያውን አትጎትቺው፤ ጫን እያደረግሽ አንሺው። በዋዜማው ማታ ተኩሰሽ ስቀዪው እንጂ ጠዋት መብራት ይኖራል ብለሽ አትተማመኚ። ይህን ለአዳማ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ማማው ከላይ እየዞረ እኛ በሻማ የምናመሽበት ቀን አለ።

ኮቱ አልሆነም፣ ትከሻው ሰፋ እንበል። ያኔ ወደ ሳልቫጅ ሂጂ። አትፈሪ። ከቦንዳ ውስጥ በደህና ሱፍ የተሰፋ ኮት ይወጣል፤ ሱቅ ከተሰቀለው አዲስ ፖሊስተር የሚበልጥ። በትከሻ ምረጪ፣ ከዚያ ብብቱን እዪ፤ ቀለሙ የለቀቀ ወይም የነጣ ከሆነ ተዪው። ኮሌታውን ገልብጠሽ እዪ። ጨርቁን በጡጫሽ ጨብጠሽ እስከ አሥር ቁጠሪና ልቀቂው። ተጨማዶ ከቀረ ሚኒባሱም እንደዚያው ያደርገዋል። ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ከፈለግሽ ከውስጥ ስፌት አንድ ክር ስበሽ በክብሪት አቃጥዪው። ሱፍ የተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፣ ጥጥ የተቃጠለ ወረቀት፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠንካራ ፍሬ ይሆናል። ሻጩ ፊት ግን አታድርጊው፤ አንዴ አድርጌ ተሰድቤያለሁ።

ለወንዶችም ሁለት ነገር ልበል፤ ብዙ ጊዜ የማየው ስህተት ነው። አዲስ ኮት ስትገዙ እጅጌው ላይ የተሰፋውን የፋብሪካ ምልክት ንቀሉት፤ ጌጥ አይደለም። ከኋላ በኩል ክፍቱ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ የመስቀል ምልክት አለ፤ እሱም ለጉዞ የተደረገ ነው፤ ይፈታል። በቲቪ የሚቀርብ ሰው እንኳ ሳይፈታው አይቻለሁ።

ጋዋን አታድርጊ። ነርስ መሆንሽን ከወረቀትሽ ያውቁታል። ሽቶ ተዪው፤ ጠባብ ክፍል ነው። ስለ ጥፍር ላንቺ አልነግርም።

ጓደኞችሽ «ሁሉም ዘንጦ ነው የሚመጣው» ማለታቸው ውሸት አይደለም። ኮሪደሩ ላይ ስትጠብቂ አዲስ ሱፍ ታያለሽ። ዋጋውን በዓይንሽ ትገምቺያለሽ። ያኔ ራስሽን አንድ ነገር ጠይቂ፤ ከነሱ ውስጥ ልብሱን የማይነካካው ማን ነው? እሱን ፍሪ። ሌላው በሱፉ ተይዟል።

ጊዜሽን እንዲህ ክፈዪው። ኮቱን ነገ ለሰፊ ውሰጂ። ልብስ ሰፊ «ነገ ይደርሳል» ካለሽ ከነገ ወዲያ ማለቱ ነው፤ እኔንም ጨምሮ። በዓል ከቀረበ ደግሞ ጭራሽ አትመኚው። በአራተኛው ቀን መጀመሪያ ልኬት ካደረግሽ ሌላ ማስተካከያ ቢያስፈልግ ጊዜ አለሽ። ሰፊው ሱቅ ወንበር ከሌለው «የምቀመጥበት ስጠኝ» በይው። በሰባተኛው ቀን ሙሉውን ለብሰሽ፣ ሂጃብሽንም ጫማሽንም አድርገሽ ቤትሽ ተቀመጪ። እህትሽ ትጠይቅሽ፤ ለምን ሐኪም መሆን ፈለግሽ ትበልሽ። አንቺ መልሺ፤ እሷ መልስሽን ሳይሆን እጅሽን ትይ። ኮቱን ስንቴ እንደነካሽ ትቁጠርልሽ። ሦስቴ ከነካሽው የሆነ ቦታ ይዞሻል፤ ለሰፊው መልሺለት።

የተነቀሉትን የሠርግ ቁልፎች በትንሽ ፖስታ አድርገሽ በኮቱ የውስጥ ኪስ ክተቻቸው። ስትመለሺ ተመልሰው ይሰፋሉ። እህትሽ ለሠርግ ስትፈልገው ቁልፍ ፍለጋ እንዳትንከራተት።